ለቮልሴ የገዛሁት ባትሪ ማስነሻ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል 1300 ናት። የተረከብኳት ከአባቴ ነው። ጅማ ውስጥ ስንመላለስ አሳፍራኝ አታውቅም። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ፣ ከመርካቶ አጂፕ፣ ቢበዛ ጅሬን ድረስ ወጥታ መውረድ ነው። ከተማ ውስጥ ብትቆምም ሳይጠራ መጥቶ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ጭንቁ የሚጀምረው ከከተማ ወጥተን ሰርቦን ስናልፍ ነው።

መስከረም ላይ እህቴ አዲስ አበባ ወለደች። እናቴ አውቶቡስ አትወድም። በወር አንዴ እኔ ላመላልሳት ተስማማን። መሄጃው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻውም ያው። በዚያ ሰሞን መርካቶ፣ የአዲስ አበባውን ማለቴ ነው፣ ገብቼ ጃምፕ ስታርተር የሚሉትን፣ ባትሪ ሲሞት መኪና የሚያስነሳውን ዕቃ፣ በ8,000 ብር ገደማ ገዛሁ። በዚያው ዕቃ ላይ ጎማ መንፊያ አለ፤ መብራትና የስልክ ቻርጀርም አለው። ስሙን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ገበያው ላይ ያሉት ሁሉ ቀለማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለባትሪ ብዬ ገዛሁት፤ ያልሸጥኩት ግን ለጎማው ስል ነው።

ገና በሳምንቱ ነው የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሹ ሞተር፣ ይዞራል፤ ዋናው ሞተር ግን አይነሳም። ዕቃው አዲስ ስለሆነ እጄን በላኝ። የኋላ መቀመጫውን አንስቼ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር አያያዝኩ። ሞተሪኖው ከበፊቱ ፈጥኖ ዞረ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ሦስቴ ሞከርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከማዶ ሆነው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ባትሪው ምን አደረገህ?»

«አልነሳ አለችኝ እኮ ጋሼ።»

«እየዞረች ነዋ! ባትሪው ሥራውን ጨርሷል።»

ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፈቱት። ውስጡ በላብ እንደራሰ ግንባር ወርዝቷል። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው ገጠሙት። አንዴ ነካ ሳደርጋት ተነሳች። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ነገሩ ወይ ብልጭታው ነው ወይ ቤንዚኑ። ማስነሻው እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። የጅማን እርጥበት ለምታውቁት፣ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ከ8,000 ብሩ ዕቃ ይቀድማል።

ለተገዛበት ሥራ የዋለው አንዴ ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ቦንጋ። የፓርኪንግ መብራት ሳላጠፋ አደርኩ። ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ጸጥ። ግቢው ጭቃ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በግፊ እንዳላስነሳት ጎማዋ ይንሸራተታል። የቮልስ ባትሪ ያለው ደግሞ ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫው ላይ ሁለት ጀሪካን የከፋ ማር፣ አንድ ጆንያ ቡናና እናቴ አሉ። ሁሉም ወረዱ። እናቴ መጨረሻ ነው የወረደችው፣ ያውም እየተነጫነጨች።

መቆንጠጫዎቹን ሳያይዝ ዕቃው ቀይ አበራና ዝም አለ። ባትሪው ከመጠን በላይ ስለሞተ ባትሪ መያያዙን እንኳ አላወቀም። ለዚህ ጊዜ የምትጫን ቁልፍ አለችው፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን ብሎ መያዝ ነው። መመሪያው ላይ በደቃቃ ፊደል የተጻፈው ነገር ግን ልብ ይባል። በዚያች ቁልፍ ሲሠራ መከላከያው ይጠፋል። ቀዩንና ጥቁሩን ካቀያየራችሁ የሚያስቆማችሁ የለም። ሁለቴ አየሁና ጫንኩ። ወዲያው ተነሳች። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ።

ስለ ባትሪው ካነሳሁ አይቀር፣ የድሮ ቮልስ ያላችሁ የኋላ መቀመጫውን አንስታችሁ ተመልከቱ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ከነካ ይቃጠላል። እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጬ አልብሼዋለሁ።

አሁን ወደ ጎማው። ጎሚስታ ቤት መኪና ስታቆሙ ልጁ ሳይጠይቅ ለአራቱም 35 ይሞላል። ለኮሮላና ለሚኒባስ የለመደው እጁ ነው። ቮልስ ግን ሞተሯ ከኋላ፣ ፊቷ ቀላል ነው። የኔ ራዲያል ጎማ የሚፈልገው ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። ፊቷን 35 ስትሞሉት መንገዱን አትይዝም፤ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ መሪውም እጅ ላይ ይቀልላል። «18 አድርግልኝ» ስል ልጁ «ጋሼ፣ ይሄማ ጎማው ተንፍሷል ማለት ነው» ይለኛል። ስከራከር ኖሬያለሁ። አሁን ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ቁጥሩን አስገብቼ እነፋለሁ። ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ጩኸቱ የወፍጮ ቤት ነው፤ ሕፃን በተኛበት አይሞከርም።

መንገድ ላይ ያዳነኝም ይኸው መንፊያ ነው። ከአሰንዳቦ አለፍ ብሎ የኋላው ጎማ ምስማር ወጋው። ትርፉን ላወጣ የፊቱን ኮፈን ከፈትኩ። ትርፍ ጎማው እንደ ቂጣ ተጣብቋል! ይሄ የቮልስ የራሷ ጉድ ነው። የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በትርፍ ጎማው አየር ነው። መሐላቸው ያለው ቫልቭ ሲያረጅ መስታወት ባጠባችሁ ቁጥር ትርፍ ጎማችሁን ትበላላችሁ። አባቴ ይህን አልነገረኝም። ዕቃው ባይኖር ጎማ ተሸክሜ ሚኒባስ መለመን ነበር። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነፋው፣ ቀየርን፣ ሄድን። ከትርፍ ጎማው ወደ ማጠቢያው የሚሄደውን ቱቦ በማግስቱ ነቀልኩት። መስታወቱን አሁን በሃይላንድ ውኃ ነው የማጥበው።

መጋቢት ላይ ደግሞ ትልቁ መጣ። ከአበልቲ ወርደን የጊቤን ድልድይ ተሻግረን ወደ ወልቂጤ መውጣት ጀመርን። በረሃው ይፋጃል፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ዳገቱ መሐል ዲናሞው ባትሪ መሙላት ማቆሙን የሚያሳየው ቀይ መብራት ቦግ አለ። ሌላ መኪና ቢሆን ባትሪው እስኪያልቅ ትነዱ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን በአየር የምትቀዘቅዘው ሞተር ማራገቢያዋ ያለው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ፣ ነው። እሱ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለም፤ እዚያው ማጥፋት ነው። አጠፋሁ። ከኋላ ስከፍተው ቺንጊያው ሁለት ቦታ ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ ተዘርግቷል።

ያ ቺንጊያ ብዙ ወር ሲሰነጣጠቅ አይቼዋለሁ። ለምን አልቀየርኩትም? 8,000 ብር አውጥቼ «ተዘጋጅቻለሁ» ስላልኩ ነዋ። ደግነቱ አዲሱን፣ 905 የሚለውን፣ ጎረቤቴ ወንበር ሥር በግድ አስቀምጠውልኛል። «ያ ማሽንህ ቺንጊያ ይወልዳል?» ብለውኝ ነበር።

ከኋላችን ቅጠል ቆርጬ ጣል ጣል አደረግሁ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ካቻቪቴውን ቺንጊያው የሚዞርበት ፑሌጃ ጎን ባለችው ጎድጎድ ይዤ ዳዶውን በ21 ቁልፍ ፈታሁ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል። መሐሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ቺንጊያው ከላላ አንዱን ከመሐል አውጥቶ ውጭ ማድረግ ነው፤ ከጠበቀ መመለስ። በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ከገባ ልኩ ነው። ሁለቴ ገጥሜ ፈታሁት፣ አንድ ሮንዴላም ሣር ውስጥ ጠፍታ ተፈለገች። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እናቴ ማስነሻውን ይዛ አበራችልኝ። ያን ቀን የ8,000 ብሩ ዕቃ ፋኖስ ነበር።

ስንጨርስ ቅጠሉን ለቅሜ ነው የሄድኩት። መኪናቸው ከተነሳ በኋላ ቅጠሉንና ድንጋዩን እንደተወው ጥለው ለሚሄዱት ሾፌሮች ግን ምን እንደምል አላውቅም። ሌሊት ያን ድንጋይ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ዕቃው ራሱ እንዴት ከረመ? ባትሪው ደህና ነው። ሳልነካው አንድ ወር ተኩል ቢቀመጥ የቻርጁን መጠን ከሚያሳዩት አራት መብራቶች አንዱ ቢጠፋ ነው። ለማንኛውም ከመንገድ በፊት ቻርጅ አደርገዋለሁ። ፀሐይ ላይ በቆመች መኪና ውስጥ አልተወውም፤ ሊትየም ሙቀት አይወድም፣ ጊቤ ደግሞ ጊቤ ነው። የአየር ቱቦው ጫፍ በስድስተኛው ወር ማፍሰስ ጀመረ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ቴፕ ጠምጥሜበት ይሠራል። የቻርጅ ቀዳዳው ክዳን ተገንጥሏል። መቆንጠጫው ሽቦ አሁንም አጭር ነው፤ መቀመጫ ሳይነሳ አይደርስም። ሻጩ «የአንድ ዓመት ዋስትና» ብሎኝ ነበር። ስለ ቱቦው ስደውልለት «ዋስትናው ለባትሪው ነው» አለኝ።

6 ቮልት የሆነች የቆየች ቮልስ ያላችሁ አትግዙት፤ ይሄ የ12 ቮልት ነው። ለቀራችሁት፣ ገንዘባችሁ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ ቺንጊያ፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ ቤንዚን የሚያስተላልፈውን ጎማ ከነማሰሪያው፣ ለዲስትሪቢውተሩ አንድ ፑንቲናና ትንሽ እሳት ማጥፊያ ግዙ። የቤንዚን ጎማው ሲያረጅ የሚያንጠባጥበው የጋለ ሞተር ላይ ስለሆነ እሱን አትናቁት። የተረፈ ብር ካለ፣ መንፊያ ያለበትን ማስነሻ። መንፊያ የሌለውን እኔ አልገዛም።

አንድ ዕቃ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፤ የጅማ በርጩማ። ባለ ሦስት እግር ስለሆነች ወጣ ገባ መሬት ላይ አትነቃነቅም። የቮልስ ሞተር ዝቅ ብሎ ስላለ ቁመቷ ልክ ነው። ጊቤ ላይ አርባውን ደቂቃ በጉልበቴ ስንበረከክ ነበር፤ ሱሪዬ አሁንም ምልክቱ አለበት። በሚቀጥለው ጉዞ እናቴ ራሷ በርጩማዋን አምጥታ ከፊት ኮፈን ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ሸጎጠቻት። ማስነሻው የነበረበት ቦታ ነው። እሱን እግሯ ሥር ይዛው ትሄዳለች፤ ስልኳን ቻርጅ ታደርግበታለች።