ርካሽ ሪል ስትገዙ ኩሽኔታ መቁጠሩን ተዉት

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ለሐይቅና ለወንዝ ዓሣ ማጥመድ ሚሆን ኪስ ማይጎዳ ስፒኒንግ ሪል፣ ማለት ዘንጉ ላይ ሚታሰረው ባለ እጀታ ክር መጠቅለያ፣ የቱን እንግዛ አሉኝ፣ ለሁለቱም ያልኩትን ነው እዚህ ምጽፈው።

የመጀመሪያ ሪሌን የገዛሁት ጎኑ ላይ በወርቅማ ቀለም 13+1 ስለተጻፈበት ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። 13 ኩሽኔታ ያለው 3 ካለው ይሻላላ፣ ሒሳብ አይደል? ሱቅ ውስጥ እጀታውን ሳዞረው ቅቤ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ደህና አምባዛ ያዘልኝና መሮጥ ሲጀምር ድራጉ፣ ማለት ዓሣው ሲጎትት ክር ሚለቅለት ፍሬን፣ ግግም ብሎ ቆየና ድንገት ለቀቀ፣ ከዛ መልሶ ያዘ፣ ሁለተኛው መያዝ ላይ ክሩ ጧ አለ። ቤት ወስጄ ስፈታው ድራጉ ውስጥ ያለው ነገር ደርቆ የሳሳ ጨርቅ ቢጤ ነው፣ ከተባሉት ኩሽኔታዎች ውስጥ የተወሰኑት ደግሞ እጀታው ጫፍ በጣት ምንይዛት ኳስ ውስጥ ነው የተሰገሰጉት። እዛ ምን ይሠራሉ? ቁጥር ያሳድጋሉ።

በነገራችን ላይ +1 ምትባለዋ እጀታው ወደኋላ እንዳይዞር ሚይዘው የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ ነው፣ እሱ በጣም ይጠቅማል። ከዛ ውጪ ትልቁን ማርሽ ግራና ቀኝ ሚይዙት፣ ትንሹን ማርሽ ሚይዘው፣ ቢገኝ ደግሞ ክሩ ሚያልፍበት ሮለር ውስጥ አንድ፣ በቃ ለንጹህ ውሃ ዓሣ ሥራው ያልቃል። ጥሩ 3 ኩሽኔታ ከመጥፎ 13 ይበልጣል።

ሳጥኑ ላይ ሌላው ሚያታልል ቁጥር የድራግ ኪሎ ነው። 8 ኪሎ ይይዛል፣ 10 ኪሎ ይይዛል ምናምን ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ ክራችሁ 4 ኪሎ ላይ ሚበጠስ ከሆነ ድራጉን ምታስተካክሉት ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ነው፣ ማለትም ከ1 ኪሎ እስከ 1.3 ኪሎ አካባቢ። ታዲያ 10 ኪሎው ለማን ነው? እኔ ማየው ስንት ይይዛል ሳይሆን እንዴት ይለቃል ነው። ሱቅ ውስጥ ድራጉን ግማሽ ያህል አጥብቁትና ስፑሉን፣ ማለት ክሩ ሚጠቀለልበትን፣ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ሲነሳ ሳይነክስ ወጥ ሆኖ ከዞረ ጥሩ ነው፣ ነክሶ ነክሶ ከለቀቀ መልሱት። ከዛ እጀታውን ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት፣ ትንሽ ክፍተት ሁሉም ላይ አለ ግን ቋ ቋ ካለ ተዉት። ክሩን ወደ ስፑሉ ምትመራዋን ተከፋች ሽቦ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ሮለሩንም በጣት ንኩት፣ ርካሾቹ ላይ ማይዞር ሮለር ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፣ እሱ ክር ሲበላ ነው ሚኖረው።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ ሺማኖ ሚባለው ሪል ሠሪ ከታች ሲየና፣ ከሱ በላይ ሴዶና፣ ከሱ በላይ ናሺ አለው። ሲየና ለጀማሪና ለልጅ ይበቃል፣ አልንቀውም። ግን ትንሽ ጨምራችሁ ሴዶና መግዛት ከቻላችሁ ግዙ፣ ምክንያቱም ሴዶና ላይ ሃጋኔ ሚሉት በግፊት የተቀረጸ ጠንካራ ማርሽ አለ፣ ሲየና ላይ የለም፣ የሪል ዕድሜ ደግሞ ማርሹ ነው። ሴዶና ኩሽኔታው 3+1 ብቻ ነው፣ ሰው ቁጥሯን አይቶ ሚያልፈው ለዚህ ነው። ናሺ ላይ ሚጨመረው ትልቁ ነገር ውሃ እንዳይገባ ሚከላከለው ነው፣ ዝናብ ላይ ምታጠምዱ ወይም ወንዝ ውስጥ ገብታችሁ ሪሉ ውሃ ሚነካባችሁ ከሆነ ልዩነቱን ክፈሉ፣ ዳር ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘቡን ክር ግዙበት።

ዳይዋ ሬቭሮስና ፉዌጎ ደግሞ ኤልቲ ሚባለው ቤተሰብ ናቸው፣ ቀላልና ጠንካራ ለማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚወረውር ሰው ክንድ ያሳርፋሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ዳይዋ በ2018 ኤልቲን ሲያመጣ የመጠን ቁጥሩን ቀይሮታል፣ የኤልቲ 3000 በድሮው 2500 አካባቢ ነው። ይሄን ሳያውቅ ቁጥር አይቶ ያዘዘ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት ትንሽዬ ነገር ይመጣበታል። ፍሉገር ፕሬዝደንት ደግሞ 20፣ 30፣ 40 እያለ ነው ሚቆጥረው፣ 30ው በግምት የሌሎቹ 2500 እና 3000 መሃል ነው፣ ቀጭን ክርና ትናንሽ ዓሣ ላይ ለስለስ ያለ ነገር ለሚወድ ይሄ ነው። ልብ በሉ እሱ 10 ኩሽኔታ አለው፣ እና አሪፍ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ኩሽኔታ ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሴዶና 2500፣ ሃይ ጊር (ኤችጂ)፣ ማለት ፈጣን ማርሽ፣ ያልሆነውን። እሱ እጀታው አንዴ ሲዞር ወደ 5 ዙር ነው ሚጠቀልለው፣ ኤችጂ ሚለው 6.2 ነው፣ ፈጣን ነው ግን ከባድ ነገር ሲጎትቱበት እጅ ላይ ይከብዳል። ለቆሮሶም ለመካከለኛ አምባዛም 2500 ይሆናል፣ ትልልቅ አምባዛ ብቻ ምታሳድዱ ከሆነ 4000 ውሰዱ።

ጥሩ ሪል ገዝቶ ክር አሞላል ላይ ሚያበላሸው ደግሞ ብዙ ነው። ከስፑሉ ጠርዝ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር እስኪቀር ሙሉት፣ ክሩ ከዛ ካነሰ ስትወረውሩ ርቀት ታጣላችሁ፣ እስከ ጠርዙ ከሞላ ሲወረወር ተጠቅልሎ እንደ ወፍ ጎጆ ይወጣል። ብሬድ፣ ማለት የተጎነጎነ ክር፣ ከሆነ ባዶ ስፑል ላይ ስለሚንሸራተት ከስር ጥቂት ዙር ናይለን አድርጉ፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ድራጌ ተበላሸ ብሎ ሪሉን ሲሰድብ አይቻለሁ። ሽቦዋን ደግሞ በእጃችሁ ዝጉ፣ በእጀታ አትዝጉ፣ ክሩ እየተጠማዘዘ ሚሄደው በዛም ጭምር ነው። ግሪስ እናድርግ ካላችሁ ማርሹ ላይ ትንሽ፣ የአንድ አቅጣጫዋ ኩሽኔታ ጋ ግን አታስጠጉ፣ ግሪስ ከገባባት ትንሸራተትና እጀታው ወደኋላ ይሄድባችኋል።

ከጠያቂዎቼ አንዱ ሴዶናውን ገዛ። ሌላኛው ይሄን ሁሉ ሰምቶ ትናንት ማታ 12+1 ሚል ፎቶ ልኮልኛል፣ "ይሄስ?" ብሎ።