ኒኬል-ዚንክ ድንጋይ፦ ለፍላሽ አዎ፣ ለሬዲዮ አይሆንም

ደብረ ብርሃን ላይ ሠርግና ክርስትና የምናነሳ ፎቶግራፈሮች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ካሜራው የራሱ ባትሪ አለው፤ ፍላሹ ግን አራት ደብል ኤ ድንጋይ ይፈልጋል፣ እነሱንም ቶሎ ይጨርሳል። ከባለፈው የሠርግ ወቅት ጀምሮ የምሠራው የእህቴ ልጅ ከጀርመን በላከችልኝ ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል-ዚንክ ድንጋይ ነው። ስምንት ድንጋይና የራሳቸው ቻርጀር ናቸው። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ «እንዴት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትንና የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍ።

ፍላሽ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ክፍል አለ። ድንጋዮቹ እሱን ይሞላሉ፤ ፎቶ ሲነሳ የያዘውን በአንዴ ይለቅቃል፤ ከዚያ እንደገና እስኪሞላ እንጠብቃለን። የሠርግ ፎቶ የሚያመልጠው በዚያች መጠበቂያ ጊዜ ነው። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ቀና ትላለች፣ እናትየው ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ሁለቱም ነገር ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልፋል። የመጀመሪያውን አንስቼ ሁለተኛው ላይ ፍላሹ ካልሞላ የማገኘው ጨለማ ነው፤ «አንዴ ይድገሙልኝ» አይባል ነገር። ዳስ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን የማነጥርበት ነጭ ኮርኒስ የለም፣ ላዩ ሸራ ነው። ስለዚህ ፍላሹን ፊት ለፊት አዙሮ በግማሽ ወይም በሙሉ ኃይል መልቀቅ ግድ ይሆናል፤ ይህ ሲሆን መጠበቂያው ይረዝማል።

ኒኬል-ዚንክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የለመድነው ሪቻርጀብል፣ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ አንዱ 1.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ተደምረው 4.8 ይሰጣሉ። ተጠቅመን የምንጥለው አልካላይን አንዱ 1.5፣ አራቱ 6 ቮልት ቢሆኑም ፍላሹ ብዙ ከረንት በአንዴ ሲጠይቃቸው ይደክማሉ፤ በእኛ የጥር ሌሊት ብርድ ደግሞ ይብስባቸዋል። ኒኬል-ዚንክ አንዱ 1.6 ቮልት ገደማ ነው፤ አራቱ 6.4 ይሆናሉ፣ ብዙ ከረንት ሲወሰድባቸውም እንደ አልካላይን አይወርዱም። ውጤቱ ሰዓት መያዝ ሳያስፈልግ ይታወቃል። ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው ዳስ እስኪገቡ፣ በእልልታውና በግፊያው መሐል፣ ፍላሹን ሳልጠብቅ ተከታትዬ አነሳለሁ። በአሮጌዎቹ ድንጋዮች ይህን ማድረግ አልችልም ነበር።

የማሳስበው ነገርም ከዚሁ ከጥንካሬያቸው የሚመጣ ነው። ከቻርጀር እንደወጡ እያንዳንዳቸው 1.85 ቮልት ያህል ያሳያሉ፤ አራቱ 7.4 መሆናቸው ነው። ለ6 ቮልት የተሠራ ፍላሽ ይህን የሚችልም የማይችልም አለና መመሪያው የትኛውን የድንጋይ ዓይነት እንደሚፈቅድ ሳታነቡ አታስገቡ። የእኔ ፍላሽ ችሎታል፤ ቢሆንም ከቻርጀር አውጥቼ ወዲያው አልከትም፣ ጥቂት አሳርፋቸዋለሁ። ሌላው ሙቀት ነው። ቶሎ ስለሚሞላ እጅ ዝም ብሎ መጫን ያምረዋል፤ በሙሉ ኃይል ያለ እረፍት ከተሠራበት የፍላሹ ጭንቅላት ይግላል፣ ከመጠን ካለፈ ፕላስቲኩና አምፑሉ ይጎዳሉ። ጭፈራው ሲደምቅ ኃይሉን ዝቅ አድርጌ የካሜራውን አይኤስኦ፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አደርጋለሁ።

ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥርም እንዳያታልላችሁ። የእኔዎቹ 2500 ሚሊዋት ሰዓት ይላሉ። የሃይድራይዱ ላይ የምናየው ግን ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ1.2 ቮልት ሲባዛ 2400 ሚሊዋት ሰዓት ይመጣል፤ ስለዚህ የያዙት ጉልበት ተቀራራቢ ነው። ኒኬል-ዚንክን የምትገዙት ፍጥነቱን ብላችሁ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ይዞልኝ ያድራል ብላችሁ መሆን የለበትም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት ወደምፈልገው ልምጣ፤ ቻርጀሩ። ኒኬል-ዚንክ በራሱ ቻርጀር ብቻ ነው የሚሞላው፤ ያ ቻርጀር አንዱን ድንጋይ እስከ 1.9 ቮልት ያደርሰዋል። የሃይድራይድ ቻርጀር ውስጥ ቢገባ በወጉ አይሞላም። የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ሃይድራይድ ድንጋይ በኒኬል-ዚንክ ቻርጀር ላይ ቢቀመጥ ቻርጀሩ የሚጠብቀው 1.9 ቮልት ፈጽሞ አይመጣም፤ ዝም ብሎ መሙላቱን ይቀጥላል፣ ድንጋዩ ይግላል፣ ሊያፈስና ሊፈነዳም ይችላል። ሁለቱ በመልክም በመጠንም አንድ ናቸው። እኔ ቻርጀሮቹን በተለያየ ክፍል አስቀምጫለሁ፤ ረዳቴም የኒኬል-ዚንኩን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሌላም መላ ያስፈልጋል። የእኔ ቻርጀር አራቱን ለመሙላት ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈልግ ለቅዳሜ ሠርግ ዓርብ ከሰዓት እሰካለሁ፣ እስከ ሌሊት አላቆየውም።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዱ ወገን የኒኬል ውህድ፣ ሌላው ወገን ዚንክ ነው፤ በመካከላቸው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ አለ። ድንጋዩ ሲሠራ ዚንኩ ወደ ፈሳሹ ይሟሟል፤ ቻርጅ ሲደረግ ተመልሶ ይጣበቃል። ችግሩ ወደ ነበረበት አለመመለሱ ነው። ጎርፍ የወሰደው አፈር ተመልሶ እዚያው ማሳ ላይ እንደማያርፍ ሁሉ ዚንኩም አንዱ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ይሳሳል፤ አንዳንዴም እንደ መርፌ ሾሎ ያድግና ሁለቱን ወገን የሚለየውን ስስ ገለፈት ይበሳል። ያኔ ድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ድንጋዮቹን አራት አራት ከፍዬ በማርከር «ሀ» እና «ለ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። አንድ ማታ የ«ለ» ምድብ አራቱም ሞልተው አረንጓዴው መብራት በራ። ጠዋት በቴስተር ስለካቸው ሦስቱ 1.8 አካባቢ ናቸው፤ አንዱ 1.3 ላይ ወርዷል። ማንም አልነካውም፤ አንድ ሌሊት ብቻውን አድሮ ቻርጁ ፈሰሰ። ያንን አስወጥቼዋለሁ። አምራቾቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቻርጅ ይችላል ይላሉ፤ የእኔ አንዱ ድንጋይ ያንን ሳያይ ነው የሄደው፤ ይህ የምርቱ ድክመት ስለሆነ አልደብቅላችሁም።

ችግሩ የቆየ ነው። ቶማስ ኤዲሰን የኒኬልና የዚንክ ባትሪ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። አየርላንድ ውስጥ ጄምስ ድራም የተባለ ኬሚስት አሻሽሎት ከ1932 እስከ 1949 በደብሊንና ብሬይ መካከል ባቡር አስሂዶበታል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በስፋት ያልገባው በዋናነት ዚንኩ ቶሎ ስለሚያረጅበት ነው። ዛሬ ትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከላት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ለሚይዝ ዩፒኤስ እየተጠቀሙበት ነው። ምክንያቱ ከእኔ ፍላሽ ጋር አንድ ነው፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል መስጠት። ፈሳሹ ውኃ ነክ ስለሆነ እንደ ሊቲየም ባትሪ እሳት አያሰጋም፤ እርሳስም ካድሚየምም የለበትም።

እስከ መጨረሻው ድረስ አታሟጥጡት። ቮልቱ ለረጅም ጊዜ ደልደል ብሎ ይቆይና ሲያልቅ በድንገት ይወርዳል፤ የፍላሹ የባትሪ ምልክት «አለ» እያለ ሊጠፋ ይችላል። ከአራቱ አንዱ ቀድሞ ካለቀ ሌሎቹ በግልባጭ እየገፉ ይጎዱታል። ምድብ የከፈልኩትም አብረው ሞልተው አብረው እንዲያልቁ ነው። ፍላሹ ማዝገም እንደጀመረ አራቱንም እቀይራለሁ።

መሐል ሜዳ ያለችው እናቴ ለሬዲዮዋ ስትጠይቀኝ ግን አልሰጠኋትም። ሬዲዮ የሚወስደው ጥቂት ነው፣ ለሳምንታት ይቆያል፤ ኒኬል-ዚንክ ደግሞ ተቀምጦ ሳለ ከጥሩ ሃይድራይድ ይልቅ ቻርጁ ቶሎ ይፈሳል፣ ሬዲዮውም አሟጦ ይገድለዋል። ለግድግዳ ሰዓትም እንደዚሁ። ሦስት ድንጋይ የሚገባባቸው ርካሽ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎች ላይ አምፑሉን ሊያቃጥል ይችላል፤ ብዙዎቹ ቮልት የሚቆጣጠር ነገር የላቸውም። ለእናቴ ቻርጁ ቶሎ የማይፈሰውን ሃይድራይድ ገዛሁላት፤ ተስማምቷታል።

ፍላሽ ለሚጠቀም ባለሙያ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ። አራት ብቻ ከመግዛት ስምንት ግዙ፤ ቴስተር ከሌላችሁ እሱንም ጨምሩ። ሞላሌ ወይም ከዚያ አልፎ ላለ ገጠር ለመልስ ጭምር ስንጠራ፣ መሰኪያ ስለማይገኝ፣ ሁለቱን ምድብ ለዋናው ቀን አውዬ ለማግስቱ ሃይድራይድ እይዛለሁ።