የኒኮቲን ማስቲካ ቡናና በርጫ ባለበት ከተማ ይሠራል?

ይሠራል፣ በትክክል ከታኘከ። ያለ ምንም እርዳታ ከመሞከር ጋር ሲነጻጸር ሲጋራ የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ይጨምራል። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘኩት ግን ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፤ ትርፉ ስርቅታ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ነው።

ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ስትጠይቁ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ባለ 4 ሚሊግራሙ፣ ቆይቶ ለሚያጨስ ባለ 2 ነው። ጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ ማኘክ፤ አፍ ውስጥ በርበሬ በርበሬ ሲል ቆም ብሎ በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፤ ስሜቱ ሲጠፋ ደግሞ ማኘክ። አንዱ 30 ደቂቃ ያህል ያገለግላል። እስከ 6ኛው ሳምንት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ እያራራቁ በ12ኛው ሳምንት መጨረስ። በቀን ከ24 ማለፍ የለበትም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ለእነዚህ ሰዎች አንመክረውም።

እኛ ጋ ዋናው እንቅፋት ቡናው ነው። ቡናና ለስላሳ መጠጥ አፍን አሲዳም ስለሚያደርጉ ኒኮቲኑ በአፍ ሽፋን በደንብ አያልፍም። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ ማስቲካው ከአፍ ይውጣ፤ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላም 15 ደቂቃ ይጠበቅ። በርጫ ከዚህም ይብሳል፦ ጉንጩ በጫት ተይዟል፣ ሐራራው ደግሞ ከምርቃናው ጋር ይመጣል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከበርጫ መራቅ ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ከተገኘ ሁለቱን አብሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል፤ በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ባለ 21 ሚሊግራሙን ይለጥፋል። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበትና ነፍሰ ጡር ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

«ኒኮቲን አይደል ካንሰር የሚያመጣው?» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ሳንባን የሚጎዳው ከሚቃጠለው ትምባሆ የሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ ከቆመ 10 ዓመት ሲሞላ የሳንባ ካንሰር ስጋት ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከ20 ወደ 10 ሲጋራ መቀነስ ይህን አይተካም፤ የቀነሰ ሰው የቀረችውን አጥልቆ ይስባታል።

ስጋቱ ከናካቴው ስለማይጠፋ፣ ካቆመ ዓመታት ያለፉት ሰውም ሳሉ ሳምንታት ከዘለቀ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ ሆስፒታል ይሂድ። የቲቢ ምርመራው «ነጻ» ቢልም የደረት ራጅ ይጠይቅ፤ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሲጋራ ያጨስ እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገር።