ከኤችዲ 800 ኤስ ጋር አሥር ወር የሠራው ትንሹ አምፕ

ሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ኤስ የተባለውን ሄድፎን ስገዛ ስለ አምፕ፣ ማለትም ለሄድፎን ድምፅ ስለሚያጎላው መሣሪያ፣ አላሰብኩም ነበር። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሄድፎኑ ላይ ጨረስኩት። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ጠየቅሁ። መልሳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ "የሄድፎኑን ያህል የሚያወጣ አምፕ ካልገዛህለት ገንዘብህን ውሃ በላው።" ይህ ነገር ለሳምንታት እንቅልፍ ነሳኝ። ሄድፎኑን ባደረግኩ ቁጥር የጎደለውን ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ሙዚቃውን መስማት ትቼ ጉድለቱን ማዳመጥ ያዝኩ።

አሁን አሥር ወር አልፏል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አምፕ ኦ2 ይባላል። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ጥቁር ሳጥን ነው። ዋጋው ከሄድፎኑ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። እስካሁን አልቀየርኩትም፤ የመቀየር ሐሳብም የለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እግረ መንገዴንም የሚያስቸግሩኝን ነገሮች አልደብቅም።

መጀመሪያ ስለ አመጣጡ። የነደፈው ሰው ትክክለኛ ማንነት በይፋ አይታወቅም። ኤንደብልዩኤቪጋይ በሚል የብዕር ስም ነበር የሚጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሙሉ ንድፉን፣ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የልኬት ውጤቶቹን ለሁሉም በነፃ አወጣው። ብየዳ የሚችል ሰው ራሱ ይገጣጥመዋል፤ የማይችል ተሠርቶ ይገዛል። ሰውየው በ2012 ድንገት ድምፁ ጠፋ፤ ሥራው ግን ቀረ። እኔ የተገጣጠመ ነው የገዛሁት። ይህን ታሪክ ሳስብ ልቤ ይነካል። ስሙን እንኳ ሳይነግረን ይህን ያህል የለፋልን ሰው ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ስለ አምፕ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንለው "ኃይል" ነው። ኃይል ስንት? ለየትኛው ሄድፎን? የኤችዲ 800 ኤስ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ፣ 300 ኦም ነው። 1 ቮልት ስትሰጡት 102 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይሰጣችኋል። 1 ቮልት በ300 ኦም ላይ ስንት ዋት ይሆናል ብላችሁ ብታሰሉ 3.3 ሚሊዋት ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ስሠራው የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። "ለመንዳት አስቸጋሪ" እየተባለ የሚነገርለት ሄድፎን በሚሊዋት የሚቆጠር ኃይል ብቻ ነው የሚጠይቀው። የሚፈልገው ቮልት ነው።

ሙዚቃ ደግሞ በአንድ ከፍታ አይሄድም። በደንብ የተቀረጸ ኦርኬስትራ ላይ ከበሮው ሲመታ ከአማካዩ 20 ዴሲቤል ያህል ሊዘል ይችላል። ለእነዚያ ቅጽበቶች እስከ 110 ዴሲቤል ብናስብ 2.5 ቮልት ይበቃል፤ 21 ሚሊዋት ማለት ነው። ኦ2 ከግድግዳ ኃይል ሲያገኝ ወደ 7 ቮልት ይሰጣል። ብዙዎቹ የስልክ ዶንግሎች (ሄድፎንን ከስልክ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ መሰኪያዎች) የሚሰጡት 1 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ዶንግሉ በመደበኛ ሙዚቃ ላይ አያሳፍርም፤ ጸጥ ብሎ በተቀረጸ ሥራ ላይ ግን ጣሪያውን ይነካል። የምሬን ነው፣ በዶንግልም ለሁለት ሳምንት ሰምቻለሁ። የሚያልቅበት ቦታ የት እንደሆነ በጆሮዬ አግኝቼዋለሁ።

መጠባበቂያ ቮልት የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ኢኳላይዘር፣ ማለትም ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ። ኤችዲ 800 ኤስ ቤዙ ቀጭን ነው። እኔ ታች ላይ 6 ዴሲቤል እጨምርለታለሁ። 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት እዚያ ቦታ ላይ ቮልቱን እጥፍ ማድረግ ነው። አምፕ ስትመርጡ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት። ኢኳላይዘር የማትጠቀሙ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው።

በሁለተኛው ወር ላይ ደንግጬ ነበር። ከበሮ ባለበት ዘፈን ሁሉ ላይ የሚቧጥጥ ድምፅ መጣ። ሄድፎኑ ተበላሸ ብዬ ሆዴ ተሸበረ። ነቅዬ ሌላ ቦታ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ኬብል ቀየርኩ፤ ያው ነው። ድምፁን ቀነስኩ፤ ቧጠጣው አብሮ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ፍንጩ እሱ ነበር። ኦ2 ላይ የጌይን (የማጉላት መጠን) ቁልፍ አለ፤ ሲለቀቅ 2.5 እጥፍ፣ ሲጫን 6.5 እጥፍ። እኔ ሳላስተውል ተጭኖ ነበር። ዳኬ፣ ማለትም ዲጂታል ሙዚቃውን አምፑ ወደሚቀበለው ሲግናል የሚቀይረው ዕቃ፣ በሙሉ ድምፅ 2 ቮልት ይሰጣል። 2 ሲባዛ በ6.5 ደግሞ 13 ቮልት ነው። አምፑ ያን ያህል የለውም። ማጉያው የሚገኘው ከድምፅ ማዞሪያው በፊት ስለሆነ ማዞሪያውን ብትቀንሱም ሲግናሉ ቀድሞ ተቆርጧል። ቁልፉን አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጌ ለቀቅኩት። ጸዳ። ከዚያ ወዲህ በ2.5 ላይ ነው የሚኖረው። 2 ቮልት በ2.5 ሲባዛ 5 ቮልት ነው፤ ለዚህ ሄድፎን ተርፎ ይፈሳል።

አሁን ብዙ ጊዜዬን የወሰደብኝን ጉዳይ ላንሳ፤ የውጤት ኢምፒዳንስ፣ ማለትም የአምፑ መውጫ ራሱ ያለው ተቃውሞ። ከኦ2 በፊት ባለ ቫልቭ አምፕ (በሚያበሩ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ተውሼ ሦስት ሳምንት አብሬው ነበርኩ። ትራንስፎርመር የሌለው ዓይነት ነው፤ ከ300 ኦም ሄድፎን ጋር ይሄዳል እየተባለ በጣም የሚመሰገነው። ወድጄው ነበር። የሴት ድምፅ ላይ ሙቀት ይጨምራል፣ ቤዙ ሥጋ ያወጣል። መልሼ ስሰጥ ቅር ብሎኛል።

ኋላ ላይ ምክንያቱ ገባኝ። ኤችዲ 800 ኤስ በስሙ 300 ኦም ይሁን እንጂ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ 300 አይደለም። 100 ኸርዝ አካባቢ ከ600 ኦም በላይ ይወጣል። አምፑ ራሱ ከ100 ኦም በላይ ኢምፒዳንስ ካለው ቮልቱን ከሄድፎኑ ጋር ይካፈላል። ሄድፎኑ ኢምፒዳንሱ ከፍ ባለበት ቦታ ብዙ ድርሻ ይወስዳል። ውጤቱ ቤዝ አካባቢ 1 ዴሲቤል ገደማ እብጠት ነው። ሙቀት ብዬ የጠራሁት አብዛኛው ነገር ይኸው ነበር። ኢኳላይዘሬ ላይ 100 ኸርዝን በ1 ዴሲቤል ሰፋ አድርጌ ከፍ ሳደርገው ያ የናፈቀኝ ድምፅ አብዛኛው ተመለሰ። ቫልቭ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የሚያበራውን ብርሃኑን ሳይቀር ወድጄዋለሁ። ግን የምገዛው ነገር ምን እንደሆነ አውቄ መግዛት እፈልጋለሁ።

ኦ2 የውጤት ኢምፒዳንሱ 0.5 ኦም ገደማ ነው። የተለመደው መመሪያ፣ የአምፑ ከሄድፎኑ ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ አይብለጥ ይላል። በዚህ ሒሳብ ከ4 ኦም በላይ የሆነ ሄድፎን ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል። የሄድፎኑን የራሱን ጠባይ ነው የምትሰሙት። ለኤችዲ 800 ኤስ ይህ ሁልጊዜ ምቾት ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ኤችዲ 800 እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ 6 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለው ሹል ነገሩ ጆሮ ይወጋል ተብሎ ነበር። በ2016 የመጣው ኤስ ያንን የሚውጥ ነገር ተጨምሮበት ነው የወጣው። የተረፈውን ጥቂት ሹልነት ኦ2 አይሸፍንላችሁም። እኔ እሱንም በኢኳላይዘር ነው ያረገብኩት።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። ለሌላ ነገር የተባለ ቢሆንም አንድ ቅዳሜ በደንብ ገባኝ። ጓደኛዬ የራሱን አምፕ ይዞ መጣ። ሁለት እጅ የሚፈልግ ከባድ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከሄድፎኔ ይበልጣል። ሁለቱንም ከአንድ ዳክ አገናኘን። ድምፁን በጆሮ አስተካክለን ተራ በተራ ሰማን። ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነበር። የሱ ይሰፋል፣ መሣሪያዎቹ ይለያያሉ፣ ቤዙ ይጠልቃል። ጓደኛዬ ምንም አላለም፤ ፊቴን አይቶ ገብቶታል። ሆዴ ባባ።

ከዚያ መልቲሜትር አመጣሁ። 400 ኸርዝ ቶን ከፈትኩ፤ ርካሽ መልቲሜትር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚሳሳት። ማከፋፈያ ጃክ ሰክቼ የመለኪያውን ሁለት ሽቦዎች በጫፉና በሥሩ ላይ ያዝኩ። የኔ 0.50 ቮልት። የሱ 0.58 ቮልት። በጆሮ እኩል አደረግን ያልነው የ1.3 ዴሲቤል ልዩነት ነበረው። ጆሯችን ያን ያህሉን ከፍታ "ጮኸ" ብሎ አይነግረንም፤ "አማረ" ብሎ ነው የሚነግረን። የሱን ማዞሪያ በፀጉር መጠን እየመለስን 0.50 ላይ አቆምነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ አለፈው።

ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እሱ እየቀያየረ 16 ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሳንቲም እየወረወረ ነበር የሚመርጠው። 9 ጊዜ አገኘሁ። ዝም ብዬ ብገምት 8 ይጠበቃል። ከዚያ እሱ ተቀመጠ፤ 7 አገኘ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። እሱ አምፑን አሁንም ይወደዋል፤ ሊወደውም ይገባል፤ አሠራሩ ያምራል፣ ማዞሪያው ሲዞር ልስላሴው ደስ ይላል። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ ለሳምንታት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ይህ ማለት ኦ2 ለሁሉም ሄድፎን ይበቃል ማለት አይደለም። ያው ጓደኛዬ በሌላ ቀን ሃይፋይማን ሱስቫራ የተባለ ሄድፎን ይዞ መጣ። 60 ኦም ነው፤ ግን 1 ሚሊዋት ስትሰጡት 83 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚያወጣው። የኤችዲ 800 ኤስ በዚያው ስሌት 97 ገደማ ነው። የ14 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ወደ 25 እጥፍ ኃይል ማለት ነው። 110 ዴሲቤል ለመድረስ ግማሽ ዋት ይፈልጋል። በዘመናዊ፣ ጮክ ብለው በተቀረጹ ዘፈኖች ላይ ኦ2 ተጣጥሮ አስኬደው። ኦርኬስትራ ስከፍት ግን ማዞሪያው ዳር ደርሶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቦታ የለም። እንዲህ ያለ ሄድፎን ካላችሁ ትልቅ አምፕ ግዙ፤ ባላንስድ (ለግራና ለቀኝ የየራሱ መስመር ያለው) መውጫ ያለው፣ ኃይሉ በዋት የሚቆጠር። እዚያ ላይ ወጪው ምክንያት አለው።

የሚያስቸግሩኝ ነገሮችስ? መግቢያው፣ መውጫው፣ የኃይል መሰኪያው ሁሉም ከፊት ለፊት ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሽቦ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ይታያል። መውጫው 3.5 ሚሊሜትር ሲሆን የሄድፎኑ ኬብል ደግሞ 6.3 ነው። በመጀመሪያ ድፍን አዳፕተር ሰካሁበት። የ3 ሜትሩ ኬብል ክብደት ጃኩን ወደ ታች ይጎትተው ጀመር፤ አንድ ቀን ግራው ሲቆራረጥ ሰማሁ። አሁን አጭር፣ ለስላሳ ሽቦ ያለው አዳፕተር ነው የምጠቀመው። ችግሩ አልተመለሰም።

አዳፕተር ካልን የኃይል አዳፕተሩም የተለየ ነው። ኤሲ፣ ማለትም ተለዋዋጭ ኃይል፣ የሚያወጣ መሆን አለበት። የተለመደው የዲሲ አዳፕተር ጃኩ ቢገጥምም አምፑ ከሚፈልጋቸው ሁለት የኃይል ጎኖች አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አምፑ በባትሪም ይሠራል፤ ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 9 ቮልት ናቸው። በባትሪ ሲሠራ የቮልት ጣሪያው ዝቅ ይላል። እኔ በስድስተኛው ወር አውጥቻቸዋለሁ፤ ከግድግዳ ኃይል ጋር ያለ እነሱም ይሠራል።

ሌላው፣ ማዞሪያው ከመነሻው ትንሽ ከፍ ሲል ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ሌሊት በዝግታ የሚሰማ ሰው ያናድደዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን 10 ዴሲቤል ዝቅ ታደርጉና አምፑን ከፍ ታደርጋላችሁ። ማዞሪያው መሃል አካባቢ ሲሆን ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው። ሽሽ የሚል ድምፅ ግን በአሥር ወር ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም። ሙዚቃውን አቁሜ ማዞሪያውን ጥግ አድርሼም ሞክሬዋለሁ፤ ባዶ ጸጥታ ነው።

ከሄድፎኑ ካርቶን ውስጥ የመጣው ባላንስድ ኬብል አሁንም እንደታሸገ ነው። ለአምፕ ብዬ ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ አዲስ የጆሮ ትራስ ገዛሁ፤ አሮጌው ተጨፍልቆ ድምፁም አብሮ ተቀይሮ ነበር። የቀረውን በደንብ በተቀረጹ ሙዚቃዎች ላይ እያወጣሁት ነው። ትናንት ማታ አንድ የቼሎ ቅጂ ስሰማ ተጫዋቹ ቀስቱን ከማሳረፉ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ብድግ ብዬ መልሼ ከፈትኩት።