አባሎን ልትገዙ ከሆነ ይቺን ሳታነቡ አትክፈሉ

ሰሞኑን አባሎን የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ኦንላይን በማይታመን ዋጋ የሚሸጡ በዝተዋል። እኔም ከአንዱ ገዛሁ። ፎቶው ላይ ቁርጥ አባሎን ነበር። የመጣው ግን መጫወቻ ሳይሆን የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ለማታውቁት፣ አባሎን ሚሼል ላሌ እና ሎራን ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1987 የፈጠሩት የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ባለ ስድስት ጎኑ ሰሌዳ 61 ጎድጓዳ ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 14 ብይ ይደርሰዋል። ዳይስ የለም፣ ዕድል የለም። ሦስት ብይ ሁለት ወይም አንድ ይገፋል፣ ሁለት ደግሞ አንድ። ቀድሞ 6 የባላጋራ ብይ ከሰሌዳው ያስወጣ አሸነፈ።

ሥራው ሁሉ መግፋት ስለሆነ ዕቃው ካልረባ ጨዋታው የለም። የእኔ ብዮች ቀላል ፕላስቲክ ናቸው። ሦስቱን ስትገፏቸው መሃለኛው ብድግ ይልና መስመሩ ይበተናል። ጎድጓዳዎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ከመጥለቃቸው የተነሳ ብዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ይለግማል። በጉልበት ስትገፉት ሁለት ቦታ ዘሎ ያርፋል። ከዚያ በኋላ «የት ነበር?» የሚል ጭቅጭቅ ነው። የወጡት ብዮች የሚያርፉበት የዳር ቦይም ለስሙ ያህል ስላለ፣ የተገፋው ብይ ሶፋ ስር ይገባል።

ሻጩን ስጠይቀው «ጨዋታውን ስላልለመዳችሁት ነው» አለኝ። እሺ ይሁን!

በኮከቡ ብዛት እንዳትሸወዱ። ከዕቃው ሥር ያሉት አስተያየቶች አብዛኞቹ ጨዋታውን የሚያደንቁ ናቸው፤ ስለ ብዮቹ ክብደት የሚያወራ የለም። ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡትንም ለይታችሁ አንብቡ። አንዳንዱ «ተከላካይ መሃል ላይ ተጠቅጥቆ ከተቀመጠ ጨዋታው አያልቅም» ብሎ ያማርራል። ይሄ እውነት ነው፤ ግን የዕቃው ጥፋት አይደለም። የተለመደው አደራደር የሚያመጣው ጣጣ ነው። የለመዱ ተጫዋቾች የቤልጅየም ዴዚ በሚባለው አደራደር ይጀምራሉ፦ የእያንዳንዱ ቀለም ብዮች ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት አበባ ቅርጽ ይቀመጣሉ። ፍልሚያው ወዲያው ይጦፋል። እናንተ የምትፈልጉት «ብዩ አይንሸራተትም» የሚለውን ዓይነት ቅሬታ ነው።

«ለስድስት ሰው» እያሉ ተጨማሪ ቀለም ጨምረው ዋጋ የሚሰቅሉም አሉ። በብዙ ሰው መጫወት ይቻላል፣ ለእኔ ግን ጣዕሙ በሁለት ሰው ነው። ለተጨማሪው አትክፈሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥቁር ሁለት ነጭ ሲገፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። ሰበብ ካበዛ ተዉት። ዕቃው እጃችሁ ከገባም ያንኑ ግፊት በየአቅጣጫው ሞክሩት፣ በስልካችሁ ቅረጹት። መስመሩ ከተበተነ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ከነቪዲዮው መልሱት።