ቆዳው ለላላ ሰው ልብስ የሚሰፉ ባለሙያ በጅማ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሂርማታ መርካቶ ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ በእግር በሚረገጥ የስፌት ማሽን ለሚሠሩት እትዬ ይህ ምስጋና ይድረሳቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስሜ ከወጣ ሥራ ይበዛል፤ ሥራ ሲበዛ ቀጠሮ ይዛባል፤ ከዚያ ሲሰድቡኝ ልኑር?» ነው ያሉት። ቀጠሮ ሥራ ሳይበዛባቸውም ያዛባሉ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ124 ኪሎ ወደ 71 ወርጃለሁ። እንዴት እንደቀነስኩ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ከቀነስኩ በኋላ ስለቀረው ነገር ግን ማንም አይጠይቅም፤ እኔም ደፍሬ አላወራም ነበር። ኪሎው ሲሄድ ቆዳው አብሮ አልሄደም። ሆዴ ላይ፣ ከክንዴ ሥር እና በጭኔ ውስጥ በኩል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቆዳን ወጥረው የሚይዙት ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉት ክሮች ለብዙ ዓመታት ሲለጠጡ ይጎዳሉ፤ ስቡ ሲጠፋ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት አቅም አይኖራቸውም። ዕድሜ፣ ሲጋራና ፀሐይ ደግሞ ያብሱታል። ስፖርት ጡንቻውን ያዳብራል፤ ከሥር ጥቂት ይሞላል፤ ትርፉን ቆዳ ግን አያነሳውም። ቅባትም ያው ነው። ዘመዶቼ ያላመጡልኝ ቅባት የለም፤ አንዷ አክስቴማ ለጋ ቅቤ በቅል ሞልታ ከአጋሮ ድረስ ልካልኛለች። ቅቤውን ለወጥ አደረግሁት።

በእኛ አገር ደግሞ መክሳት ለወሬ ይዳርጋል። ወፍራም ሳለሁ «ተመችቶሻል» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ይላሉ። ለቅሶ ቤት አንዲት እናት ክንዴን ይዘው የተንጠለጠለውን ቆዳ ሲዳብሱ ቆዩና፣ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «እንዲህ የሚያደርግ ደግ በሽታ አይደለም» አሏቸው። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ነው እንግዲህ።

ከሰው ወሬ ይልቅ የሚያስመርረው ግን ልብስ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ልብስ ለሆዴ ሲሆን ከትከሻዬ ላይ ይወርዳል፤ ለትከሻዬ ሲሆን ክንዴን አያስገባም። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ታጥቦ የማይደርቅበት እርጥበት ነው። ቆዳ በቆዳ ላይ ሲተኛ በእጥፋቱ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፤ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይላላጣል፤ ፈንገስ የሚገባውም በዚሁ ነው። ያየኝ ሐኪም ምክሩ ቀላል ነበር፦ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ሳይፈገፍጉ ማድረቅ፣ በእጥፋቱ መሐል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ፣ ከቆሰለ ወይም ጠረን ካመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሕክምና መሄድ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም።

እትዬ ዘንድ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሆዴ ላይ አድርጎ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ስንት ወልደሻል?» ብሎኝ ነበር። አልወለድኩም። እትዬ ግን ከሁሉ አስቀድመው መጋረጃውን ዘጉ። ቆሜ ለኩኝ፤ ቀጥለው በርጩማ ላይ አስቀምጠው እንደገና ለኩኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ቆመሽ የተለካ ሱሪ ስትቀመጪ ያንቅሻል፤ ሥጋሽ ቦታ ይለውጣል» አሉ። ከዚያም «የት የት ይፈገፍግሻል? ሲሞቅሽ የቱ ጋ ይርስሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ከሐኪሙ በቀር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሱሪውን ወገብ ከእምብርት በላይ አወጡትና ላስቲክ ከኋላ ብቻ አደረጉበት፤ ፊት ለፊት ቢሆን እጥፋቱን ይቆርጠዋል። በጭን መሐል ያለውን ስፌት ቆዳ ለቆዳ ከሚገናኝበት ቦታ ወደ ፊት አሸሹት። ለሸሚዙ ከብብት ሥር አንድ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ጨመሩ፤ እጄን ሳነሳ ክንዴ አይያዝም፣ ከክርን በታች ግን እጅጌው እንደማንኛውም ሰው ጠበብ ያለ ነው። ስፌቱን በውስጥ በኩል አጥፈው በጥጥ ጥብጣብ ሸፈኑትና የእጃቸውን አንጓ ውስጡን ደጋግመው ፈገፈጉበት። ትንሽ ከቆረቆራቸው ፈትተው እንደ አዲስ ይሰፉታል። ሁለት ጊዜ ሲፈቱ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሰፊው የሆድ መታጠቂያ ነው። አራስ ሴት ወገቧን የምትታጠቅበትን መቀነት አስበው፣ ከጥጥ ጨርቅ በጎን በኩል በመንጠቆ የሚያያዝ አድርገው ሠሩልኝ። የታችኛውን ሆዴን ወደ ላይ ደግፎ ይይዘዋል። ቀድሞ ደረጃ ስወርድ እኔ ደርሼ ሆዴ ገና በመንገድ ላይ ነበር፤ አሁን አብረን እንደርሳለን።

ወረቱ ሳለ «አጥብቄ ባስረው ቆዳው ይሰበሰብልኝ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዎ ቢሉኝ ሌላ ሁለት አሰፋ ነበር። «ልጄ፣ የሸጥኩልሽ ጨርቅ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። ትንፋሽ እስኪያጥርሽ አታጥብቂው፤ ማታም አውልቂው» አሉኝ። ገበያ ውስጥ እንዲህ የሚል ሻጭ ስንት ነው?

ትርፉን ቆዳ የሚያስወግደው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ጥገና የታወቀ ነው። ሐኪሞች ኪሎው ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ ቀዶ ጥገናውም ረጅም ጠባሳ ይተዋል። እኔ ለጊዜው ገንዘቤም ልቤም እዚያ አልደረሰም።

አሁን ወደ ጉድለታቸው። እትዬ «ሐሙስ» ካሉ የሚቀጥለው ሰኞ ነው ብላችሁ ያዙት። ለሠርግ የምትለብሱት ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እውነተኛውን ቀን ግን አትንገሯቸው። ኢድና አረፋ ሲቃረብ፣ በነሐሴ መጨረሻም የተማሪ ዩኒፎርም ሲከመርባቸው አለመሄድ ይሻላል። መብራት መጥፋቱ ግን አያስቆማቸውም። ዋጋቸው ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ልብስ ይወደዳል፤ ጨርቁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ከሄዳችሁ ይቀንሳሉ። ስትገዙ የጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ይዛችሁ ብትቀርቡ «ይህን ለመጋረጃ አድርጊው» ብለው ይመልሷችኋል። ለመለካት ስትሄዱ ዘወትር የምትለብሱትን የውስጥ ልብስ ልበሱ። ስትረከቡም ቆማችሁ ብቻ አትዩት፤ ቁጭ በሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን አንሡ።

ለወንድም ይሰፋሉ። ልኬቱን ግን ወንድ ልጃቸው ነው የሚወስደው፤ እሱም በእናቱ እጅ የሠለጠነ ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።