የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ገጠማ በደብረ ማርቆስ፦ ሥራው ጥሩ ነው፣ ሮቶው ግን ያንሳል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የቧንቧ ሥራ ድርጅት ቤቴ ላይ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ከገጠመልኝ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል። በቆርቆሮው ጠርዝ የተዘረጋ አሸንዳ፣ ከእሱ የሚወርድ የፒቪሲ ቱቦ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መደብ ላይ የተቀመጠ 5,000 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ አለው።

ከሁሉ የወደድሁት የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያስቀረውን ቱቦ ነው። ውሃው ሮቶው ጋ ከመድረሱ በፊት ታቹ በክዳን ወደተዘጋ ቁም ቱቦ ይገባል፤ ያ ሲሞላ በውስጡ ያለችው ኳስ ተንሳፋ አፉን ትዘጋና ተከታዩ ንጹሕ ውሃ ወደ ሮቶው ያልፋል። የሰኔው የመጀመሪያ ዶፍ ካባራ በኋላ ክዳኑን ስከፍተው የበጋ አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀላቀለበት፣ አተላ የመሰለ ውሃ ወጣ። ቱቦው ባይኖር ይህ ሁሉ ሮቶ ውስጥ በገባ ነበር። የትርፍ ውሃ መውጫው ለትንኝ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ስነግራቸው ያለ ክፍያ ወንፊት ገጠሙለት።

ዋናው ቅሬታዬ ሮቶውን ሲመርጡልኝ ስሌቱን አለማሳየታቸው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የከተማችን የዓመት ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ 80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ ከ80,000 ሊትር በላይ ይሰጣል፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ሮቶው ቶሎ ሞልቶ የቀረው በጎርፍ መውረጃው ይሄዳል። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም ሙሉው ሮቶ የሚያቆየው 50 ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ የሞላው ታኅሣሥ ላይ ባዶ ይሆናል፤ በእኛ ሰፈር ግን የውሃው ፈረቃ ተራርቆ ጄሪካን የሚሰለፈው በየካቲትና በመጋቢት ነው።

በአሜሪካ የአሪዞና በረሃ ያለችው የቱሳን ከተማ የዓመት ዝናቧ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች ለአትክልታቸው ከሚያስፈልገው ውሃ ግማሹን ከዝናብ እንዲያገኙ በከተማ ደንብ ታስገድዳለች፤ ቤቱ ላይ ማጠራቀሚያ ለሚገጥም ነዋሪም ከወጪው ከፊሉን ትመልሳለች። የተጣራ ፍሳሽንም ለመናፈሻ ስለምታውል፣ ሕዝቧ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እጅግ ቢጨምርም የውሃ ፍጆታዋ ከዚያ ዘመን ብዙም አልራቀም። የጮቄን ተራራ ተጎራብተን ከአራት እጥፍ በላይ ዝናብ የሚወርድልን እኛ ውሃውን ከደጃችን አሳልፈን በበጋ መጠማታችን ያንገበግበኛል።

በገጠማው ጥራት ድርጅቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የሚያስገጥም ሰው ግን የጣሪያውን ስፋትና የቤተሰቡን ቁጥር ይዞ ቀርቦ፣ አቅሙ ከፈቀደ 10,000 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ይጠይቅ። አቅም ካነሰ ውሃውን ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ አውሎ የቧንቧውን ለመጠጥ ማቆየት ይሻላል። የሮቶውን ውሃ ለመጠጣት የሚገደድም ሳያፈላ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ ሳይጨምርበት አይጠጣው።